መብቱን የሚተው ባለ መብቱ ነው
ስለ መዘምራንና ስለ ድካማቸው ዋጋ



በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን፣ በደመራ ዕለት፣ የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይ በዜማ ይሞላል። የእኅት ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከበሮና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአጠገባቸው ይዘምራሉ። ሊቃውንቱ ዜማን የዕድሜ ልክ ሙያቸው ያደረጉ ናቸው፤ ወጣቶቹ ደግሞ ከትምህርታቸውና ከሥራቸው በተረፈው ሰዓት በፍቅር የሚያገለግሉ ናቸው። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኛም በግዕዝ ሥርዓት ስንቀድስ የምናዜመው ከዚሁ ከቅዱስ ያሬድ ምንጭ የተቀዳውን ነውና የዘማሪው ነገር የእኛም ነገር ነው። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ቅርሱን እንዲህ ስናከብር፣ ቅርሱን በጉሮሮው ተሸክሞ ያቆየልን ሰው በምን ይኖራል?

መዘምራኑ ለምን ሸሹ?

መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በምዕራፍ 9 እንደሚነግረን፣ የቤተ መቅደስ መዘምራን ሌሊትና ቀን በሥራቸው ላይ ስለ ነበሩ ከሌላ ሥራ ሁሉ ነፃ ነበሩ። ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ከአገልግሎቱ ካልበላ ከየትም አይበላም። በነህምያ ዘመን የሆነውም ይህ ነው። በምዕራፍ 13 እንደምናነበው፣ ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ የመዘምራኑ ድርሻ እንዳልተሰጠና እያንዳንዱ ወደ እርሻው እንደ ሸሸ ተረዳ። ልብ በሉ፤ ነህምያ መዘምራኑን «እምነታችሁ ጎደለ» ብሎ አልወቀሰም። የገሠጸው ሹማምንቱን ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ ብሎም ጠየቃቸው። ዘማሪው በረኃብ ሲሸሽ፣ ቤቱን የተወው እርሱ ሳይሆን ድርሻውን የከለከለው ነው።

በሀገራችንም አበው ይህን ያውቁ ነበር። ደብሩን የሚያገለግል ደብተራ ስለ አገልግሎቱ የሚጠቀምበት መሬት ነበረው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ ለጭሰኛው እፎይታን የሰጠው ያው አዋጅ የዜማ ባለሙያውን ከቆየ መተዳደሪያው ለየው። ትምህርቱ ግን አልቀለለም። ድጓን በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ ለማስመስከር የሚሄድ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ ብዙ ዓመት ይቆያል። እንዲህ የተማረውን ሰው በምርቃት ብቻ ማሰናበት ተገቢ አይደለም። ከአደባባዩ ብዙም በማይርቀው በካዛንቺስ፣ ስመ ጥር በነበሩት የአዝማሪ ቤቶች፣ ማሲንቆ መቺው በአመዛኙ የሚኖረው ከእንግዳ በሚያገኘው ሽልማት ነበር። ሽልማት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ሽልማት ቀጠሮ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ኑሮም በሰጪው ፈቃድ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ከዚህ አይለይም።

በነፃ መስጠትና በነፃ መውሰድ

«ጌታችን በነፃ የተቀበላችሁትን በነፃ ስጡ አላለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 8 እንዲህ አዝዟል። ይሁን እንጂ በሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ሠራተኛ ምግቡ የሚገባው መሆኑን ራሱ ጌታ ተናግሯል። አንዱ ቃል ለሚሰጠው፣ ሌላው ለሚቀበለው የተነገረ ነው። የሰጪውን ቃል ተቀባዩ አንሥቶ «በነፃ ዘምርልኝ» ቢልበት፣ ወንጌሉን ገልብጦ አነበበ ማለት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ቀዳማዊ መልእክቱ ምዕራፍ 9 በመጀመሪያ መብቱን በሚገባ አስረዳ፤ ከዚያም በገዛ ፈቃዱ ተወው። ቆሮንቶሳውያን ግን ሊተዉለት አይችሉም ነበር። ስለ ቅዱስ ያሬድም የሚተረከው ይህንኑ ያስተምረናል። በዜማው የተመሰጠው ንጉሥ ገብረ መስቀል ሳያውቅ በጦሩ እግሩን በወጋው ጊዜ፣ ስለ ፈሰሰው ደም ምን እንዲሰጠው እንደሚሻ ጠየቀው። ያሬድ ከሀብት ይልቅ ለምናኔ መሰናበትን መረጠ። ምርጫው የያሬድ ነበር፤ ንጉሡ ግን መጠየቅ ግዴታው መሆኑን አልዘነጋም። መብቱን የሚተው ባለ መብቱ ነው፤ ሌላ ሰው ሲተውለት ግን ስሙ ንጥቂያ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን በትምህርትና በሕግ አጽንታለች። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኛው ተገቢ ደመወዝ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚያስተዳድሩ በውል ለሚሠሩ ሁሉ ተገቢውን ደመወዝ እንዲከፍሉ ያዝዛል።

በቁምስናችን ምን እናድርግ?

አስቀድመን እንነጋገር። ከበዓሉ፣ ከሠርጉ ወይም ከተዝካሩ በፊት ለመሪጌታው፣ ለኦርጋን ተጫዋቹና ለመዘምራን አሠልጣኙ የሚሰጠው ይታወቅ፤ የልምምዱም ሰዓት ይቆጠር። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የምንዱባኑ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጥ ያዝዛልና ክፍያው በዕለቱ ይፈጸም።

በፍቅር የሚያገለግሉትን ወጣቶችም አንርሳ። ደመወዝ አይጠይቁም፤ ነገር ግን የመጓጓዣቸውን፣ የምሳቸውንና የልብሳቸውን ወጪ ከኪሳቸው ሊያወጡ አይገባም። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ የወጣቱ ነፃ አገልግሎት የባለሙያውን እንጀራ መዝጊያ አይሁን። «ልጆቹ በነፃ ይዘምሩልናል» ብሎ መሪጌታውን ማሰናበት ሁለቱንም መበደል ነው፤ የአንዱን ኑሮ፣ የሌላውን ደግሞ መምህር ይወስዳልና። ከዝግጅት ወይም ከተቀረጸ መዝሙር ገንዘብ ሲገኝም ሒሳቡ በዘማሪዎቹ ፊት ይነገር።

ድኻ ቁምስናስ? እውነቱን ይናገር። «ያለን ይህ ብቻ ነው» የተባለ ዘማሪ ቀሪውን በደስታ ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስጦታው በእውነት ስጦታ ይሆናል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሕፃናቱን ዜማ ስታስተምሩ ይህንንም አስተምሩልን።

ያዕቆብ ሐዋርያ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተከለከለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ አስጠንቅቋል። በአንድ መቅደስ ውስጥ ምስጋናችንና የዘማሪው ጩኸት አብረው ወደ ላይ እንዳይወጡ፣ የፍትሕ አምላክ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።