ጉልበቱ የማን ነው?

ከምግብ በኋላ ከሚደረጉት ዱዓዎች አንዷ ሕሊናዬን ይዛ አልለቅ ብላኛለች። ሙዓዝ ኢብን አነስ ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተላለፋት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የመዘገቧት ናት። በልቶ ያበቃ ሰው ምግቡን ለሰጠው አላህ ምስጋና ያቀርብና፣ ሲሳዩን ያገኘው ከራሱ ዘንድ ብልሃትም ኃይልም ሳይኖር መሆኑን ይመሰክራል። ይህን ላለ ሰው ያለፈው ኃጢአቱ እንደሚማርለት ተነግሯል። ታዲያ ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ሲያጭድና ሲወቃ የከረመ ገበሬ ማዕድ ፊት ተቀምጦ ኃይል አልነበረኝም ይበል? የወገቡ ሕመም እየመሰከረበት? ምስጋና እውነት ካልሆነ ምኑን ምስጋና ሆነ? በአምላክ ፊት ሐሰት ከመናገር ዝም ማለት አይሻልም ወይ?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ነገሩ የትሕትና አነጋገር ነው የሚል ነበር። አላረካኝም። እውነትን የሚያጣምም ትሕትና ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታ ደግሞ ለሰው እንጂ ልብን ለሚያውቅ ጌታ አይቀርብም። ደግሞም እኚሁ ነቢይ፣ ሰው ከገዛ እጁ ሥራ ከሚበላው የሚሻል ምግብ እንደሌለ ማስተማራቸውን፣ ነቢዩ ዳውድም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር መናገራቸውን ቡኻሪ መዝግቧል። ድካምን እንዲህ ያከበረ አንደበት በዱዓው ድካምን ይክዳል ማለት አይሆንልኝም። ስለዚህ ወደ ቃሉ ተመለስኩ። ዱዓዋ ኃይል አልነበረም አትልም፤ «ከእኔ» የሆነ ኃይል አልነበረም ነው የምትለው። «ሐውል» (ብልሃት) እና «ቁዋ» (ኃይል) የሚሉት የዱዓዋ ሁለት ቃላትም ሙስሊም ሁሉ በየዕለቱ ብልሃትና ኃይል በአላህ ቢሆን እንጂ የለም ሲል የሚጠቀምባቸው ናቸው። ክርክሩ የኃይሉ ምንጭ ማን ነው የሚል ነው። ቁርኣንም በሱረቱል ዋቂዓህ የሚዘሩትን ሰዎች፣ አብቃዩ እናንተ ናችሁ ወይስ እኛ? በሚል መንፈስ ይጠይቃል። መዝራቱን ከገበሬው አልወሰደበትም፤ ዘሩን አፈር ውስጥ ሰንጥቆ ማብቀሉን ግን አልሰጠውም። ሞፈር የጨበጠውን ክንድስ ቢሆን ገበሬው ራሱ አልሠራውም። በቁርኣን ሀብቱን በእውቀቴ አገኘሁት ያለው ባለጸጋው ቃሩን ነበር፤ ዱዓዋ የእርሱን አባባል የምትሽር ሆና አገኘኋት።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፦ ሁሉም ከአላህ ከሆነ ወጡን የሠራችው፣ ቤቱን የከፈተውስ ምስጋና አያገኙም? ሰዎችን የማያመሰግን አላህን አያመሰግንም የሚለው ሐዲስ ይህን በር ዘግቶታል። ከዚህም በላይ ነቢዩ የባልደረባቸው የዐብደላህ ኢብን ቡስር አባት ቤት ተስተናግደው ሊሄዱ ሲሉ፣ አባትየው የመጓጓዣቸውን ልጓም ይዞ ዱዓ አድርጉልን አላቸው፤ ነቢዩም ለቤተሰቡ በሲሳዩ በረካን፣ ምሕረትንም ለመኑ። የእኛው «አላህ ይስጥልኝ» እና «እጅሽ ይባረክ» የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

የከበደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ የጠገበ ሰው ምስጋና የተራበውን አይሰድብም ወይ? ተቃራኒውን ነው ያገኘሁት። እንጀራዬ ከእኔ ኃይል ብቻ ቢሆን ኖሮ የተራበው ሰው ሰነፍ ነው ብዬ በፈረድኩ ነበር፤ ዱዓዋ ይህን ፍርድ ከአፌ ትነጥቃለች። ኢማም ሙስሊም እንደዘገበው ነቢዩ፣ አቡ በክርና ዑመር ረሃብ ከቤታቸው አውጥቷቸው ወደ አንድ አንሷር ቤት ሄዱ። ሰውየው የተምር ዘለላ አቀረበላቸው፤ ነቢዩ ወተት የምትሰጠዋን በግ እንዳይነካ አስጠንቅቀውት ሌላ አረደላቸው። በልተውና ጠጥተው ሲረኩ ነቢዩ ለሁለቱ ባልደረቦቻቸው የነገሯቸው፣ ስለዚህ ጸጋ በትንሣኤ ቀን እንደሚጠየቁ ነው። ይህ የተነገረው በረሃብ ለወጡ ሰዎች ነበር።