ሃምሳው ሎሚና ሃምሳው ሰው

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ተረቱ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ መዋጮ ሲሰበሰብ ነው። ሰሚው ታዲያ «ሸክሙ» የምትለዋን ይዞ «ጌጡ»ን ይረሳታል። «ለሃምሳ ሰው ቀላል» ማለት ይቻል ነበር፤ አበው ግን ጌጥ አሉ። በጥምቀት ዕለት አንዲት ሎሚ ይዞ የወጣ ጎረምሳ ይህ አይጠፋውም። ያቺ ሎሚ በእጁ ታውዳለች፣ ዐይኑ ካረፈባት ልጅ ደረት ላይም ትወረወራለች። ከረጢት ሙሉ የተሸከመ ሰው ለዚህ ወግ አይደርስም።

የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ያቋቋሙት የመንገድ ሥራ ድርጅት የተረቱ ሁነኛ ምስክር ነው። ከመርካቶ ነጋዴ እስከ ሊስትሮ ያዋጡት ገንዘብ አገር ቤት መንገድ አወጣ፣ ትምህርት ቤትም ሠራ። ለመስቀል ወደ አገሩ የሚገባ ሰው በራሱ ሳንቲም በተጠረገ መንገድ ሲሄድ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ጌጥ ማለት ይኸው ነው።

አዝማሪ ቤትም እንዲሁ ነው። ማሲንቆው የአንድ ሰው ቢሆንም ግጥሙ የታዳሚው ነው። አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ሌላው ይመልስለታል። ቀን እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሰው ማታ በስንኝ ይጠራራል። ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ በተባለ አዝማሪ ቤት፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በወጣትነቱ ለሽልማት እስክስታ እየመታ ባንኮኒ ሥር ያድር ነበር፤ ኋላ ቤቱን ራሱ ተረክቦ ዓለም የሚያውቀው የባህል ማዕከል አደረገው። በእንዲህ ያለ ቤት ደጃፍ ላይ ጥብስ የሚጠብሰው፣ መኪና የሚጠብቀው፣ ሲጋራና ማስቲካ የሚያዞረው ሁሉ ከዚያው ድምፅ ይበላል።

ተረቱ ያልነገረን ነገር ግን አለ። ሃምሳው ሰው አንድ ቦታ ካልኖረ ሎሚውን ማን ከማን ጋር ይካፈላል? በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ፈንድቃም ቤቱን አጣ፣ ነዋሪውም በየአቅጣጫው ሄደ። ከተነሡት ውስጥ የተሻለ ቤት፣ የራሱ ውኃና መጸዳጃ ያገኘ አለ፤ ይህን ማቃለል ግፍ ነው። ባለ ሱቁ ግን የዱቤ ደብተሩን ይዞ ቢሄድም በደብተሩ የተጻፉት ሰዎች አብረውት አልሄዱም። በአዲሱ ሰፈር ማን ከፋይ፣ ማን ወር ጠባቂ እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል። ትምህርት ቤትም ግንቡ ብቻ አይደለም። ልጅ ከክፍል ሲቀር «ዛሬ ምነው?» የምትለው ሻይ ሻጭ የትምህርት ቤቱ አካል ናት።

ከየሰፈሩ የተነሡ ብዙ ሰዎች የድሮ ዕድራቸውን አልተዉም። ሰው ሲሞት ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ድሮ ሰፈራቸው ይመጣሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ለቀብር የመጣው ሰው ግን ልጁን እዚያ አያስተምርም፣ ማታ ማሲንቆ ሊሰማ አይቆይም፣ ስኳርም በዱቤ አይወስድም። ንፍሮውን ዘግኖ፣ ሳይመሽ ታክሲ ፍለጋ ይወጣል።