በ75 ሊትር ውሃ ወደ ጽዮን

የምንከራያት ካምፐር ቫን የውሃ ጋኗ 75 ሊትር ይይዛል። ቁጥሩን ከአከራዮቹ ወረቀት ላይ ወደ ደብተሬ ስገለብጥ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሁለተኛውን ቡና ትቀዳለች።

«ለስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

«ለሰባት።»

«ለአራት ሰው?»

«ለአራት።»

ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። እኔ ስልኬን አውጥቼ ማካፈል ስጀምር እሷ ጨርሳለች። የበረሃ ፓርክ ጠባቂዎች ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ያዙ ይላሉ። ለአራት ሰው 16 ሊትር መሆኑ ነው። ፊታችንን ሳንታጠብ፣ ሳህን ሳናለቀልቅ፣ ሽሮ ሳናንተከትክ እንኳ ጋኑ በአምስተኛው ቀን ባዶውን ይቀራል። «አይበቃም» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። እናቴ ያደገችው ላስታ ነው። ከምንጭ እስከ ቤት ያለውን አቀበት በልጅነቷ እንስራ አዝላ ስትወጣው ኖራለች። ውሃ ስንት እንደሚመዝን ጀርባዋ ያውቃል።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ የጉዞ ዕቅዳችን የውሃ ዕቅድ ሆነ። በደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ማደሪያ ስም ጎን «ይቀዳል» ወይም «አይቀዳም» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ እጣቢው የት እንደሚደፋ፣ ጋዙ የት እንደሚሞላ። መንገዱን፣ ተራራውን፣ የእግር ጉዞውን ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ነው ያሰብነው።

የምንኖርባት ላስ ቬጋስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የምንሄድበት ደቡባዊ ዩታም አብዛኛው ደረቅ አገር ነው፤ ከሩቅ ያየው ሰው ፀሐይና ድንጋይ ብቻ ይመስለዋል። ስለ እያንዳንዱ ማረፊያ ባነበብኩ ቁጥር ግን ያው አንድ ነገር ተመልሶ ይመጣብኛል። ገደሉን የሰነጠቀው ውሃ ነው፤ ዓምዱን የጠረበውም፣ ዐለቱ ላይ ጉድጓድ የቆፈረውም ውሃ ነው። ውሃ እንደ ወርቅ በሚቆጠርበት ምድር ላይ ፈጣሪ የጥበቡን ሥራ ሁሉ በውሃ ሠርቶታል። እኔ 75 ሊትር ለማብቃቃት ስጨነቅ እሱ በጠብታ ተራራ ይጠርባል። ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ደብተሩን የምገልጠው ቀስ ብዬ ነው።

ጉዞው መስቀልን አክብረን በሳምንቱ ነው። በበጋው ሙቀቱ ለእናቴ አይሆንም፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ደግሞ ድንገተኛ ጎርፍ የሚበዛበት ወቅት ነው። መጀመሪያ አምስት ፓርክ ጽፌ ነበር። ሰባት ቀን ለአምስት ፓርክ መመደብ ቅዳሴ ላይ በር ከፍቶ አይቶ እንደ መመለስ ሆኖ ታየኝ፤ አርቸስንና ካንየንላንድስን ሰረዝኳቸው። ሦስት ቀሩ፤ ዛየን፣ ብራይስ ካንየን እና ካፒቶል ሪፍ።

ዛየን ጽዮን ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ወደ ሸለቆው ገብተው የሰፈሩ ሞርሞኖች ናቸው፤ መጠጊያ ሆነላቸው። ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1919 ነው። ባለቤቴና እኔ ለሳምንታት «ዛየን፣ ዛየን» ስንል እናቴ የሰፈር ስም መስሏት ነበር። «እማዬ፣ ጽዮን እኮ ነው» ስላት እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ፤ ጫፉን አስተካከለች።

ከላስ ቬጋስ እስከዚያ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀስ ብለን ብንነዳ ሦስት ሰዓት። ባለፈው ዓመት ብቻዬን ሄጄበታለሁ። የሸለቆው ግድግዳ ቀጥ ብሎ 600 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ታቹ ቀይ፣ ላዩ ነጭ። ቀርቤ እጄን አሳረፍኩበት። ሳነሣው መዳፌ ላይ አሸዋ ቀረ፤ ቀላ ያለ፣ ደቃቅ፣ አሁን ከወንዝ ዳር የተዘገነ የሚመስል። ያ አሸዋ የዛሬ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደ ሰሐራ ያለ በረሃ ላይ ነፋስ ያመላለሰው ነው። ክምሩ በክምር ላይ ተጫነ፣ ማዕድን ያዘለ ውሃ አጣበቀው፣ ድንጋይ ሆነ። ግድግዳው ላይ ዘመም ብለው የተጋደሙት መስመሮች ነፋሱ በየት በኩል ይነፍስ እንደነበር እስከ ዛሬ ያሳያሉ። አሸዋዋን ከመዳፌ ሳላራግፍ ብዙ ቆየሁ፤ ማራገፍ ከበደኝ።

ከዚያው ሸለቆ እናቴን ላሳያት የምጓጓው ግን ረጅሙን ገደል አይደለም። ከላይ፣ ተራራው አናት ላይ የሚወርደው ዝናብና በረዶ ወደ አሸዋው ድንጋይ ይሰርጋል። አሸዋ ስለሆነ ያሳልፈዋል፤ በፍሬና በፍሬ መካከል፣ ቁልቁል፣ በጨለማ። ከታች ውሃ የማያሳልፍ ጥብቅ የደለል ድንጋይ ይጠብቀዋል። እዚያ ሲደርስ መውረጃ ያጣና ወደ ጎን ይሄዳል፤ በገደሉ ፊት ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። «የምታለቅሰው ዐለት» የሚሏት ቦታ እንዲህ ያለች ናት። ውሃው ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ከ1,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል ተብሎ ይገመታል። ይህን ለእናቴ ስነግራት በራሷ መንገድ አሰላችው፤ ንጉሥ ላሊበላ ሳይነግሥ፣ እነዚያ ቤተ መቅደሶች ከዐለት ሳይፈለፈሉ የዘነበ ዝናብ ነው፤ አሁን የሚንጠባጠበው እሱ ነው። እሷ ለእንስራዋ ተራ ስትጠብቅ እንኳ ገና በመንገድ ላይ ነበር።

ጠብታው በሚያርፍበት ሁሉ ለምለም ቅጠልና ሽበት የመሰለ ሣር ከገደሉ ተንጠልጥሏል። በእርጥቡ ዐለት ላይ ደግሞ በዓለም ሌላ የትም የማትገኝ ቀንድ አውጣ ትኖራለች። ከምስር ፍሬ ታንሳለች። ጎንበስ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው ያየኋት። እርጥቡን ዐለት ይዛ ትሄዳለች፣ አትሄድም፤ ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው ግን ትሄዳለች። ሺህ ዓመት በዐለት ውስጥ የተጓዘው ውሃ መጨረሻው የእሷ ማዕድ ነው። ያን የሚያህል ተራራ፣ ያን የሚያህል ዘመን፣ ለዚያች ታናሽ ፍጥረት! ስሟን ጠርቶ የሚመግባት እንዳለ እዚያ ተንበርክኬ አልተጠራጠርኩም።

ወደምታለቅሰው ዐለት የሚወስደው መንገድ በናዳ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ቢዘጋብን በሸለቆው መጨረሻ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው የተነጠፈ መንገድ አለ፤ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለእናቴ ጉልበት ይመቻል፣ እሱም ዳርና ዳሩ እንዲሁ ያንጠባጥባል። መኪናችን ማደሪያው ቆማ በፓርኩ ነጻ አውቶቡስ ነው የምንሄደው፤ ከዓመቱ በአብዛኛው ወደ ሸለቆው የግል መኪና አይገባም። ማደሪያውን የያዝነው ከስድስት ወር በፊት ነው። ሰንሰለት ተይዞ ወደሚወጣበት ወደ ዝነኛው ጫፍ ከ2022 ጀምሮ ያለ ፈቃድ አይወጣም፣ ፈቃዱም በዕጣ ነው፤ እኛ ዕጣም አልቆረጥንም።

የተነጠፈው መንገድ ሲያልቅ መንገዱ ወንዙ ራሱ ይሆናል። በቨርጂን ወንዝ ውስጥ በትር ተይዞ ሽቅብ ይኬዳል። ግራና ቀኙ ግድግዳ እየተጠጋ መጥቶ ሰማዩ እንደ መቀነት ይጠብባል፤ ልጄና ባለቤቴ ትንሽ ይገባሉ፣ እናቴና እኔ ዳር እንቀራለን። ስለ ጎርፉ ስነግራት፣ ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ከሩቅ የዘነበ ዝናብ በደቂቃዎች ውስጥ ሸለቆውን እንደሚሞላው ስነግራት፣ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለች፤ ወደ ልጄም ዞር ብላ አስደገመቻት። በየጠዋቱ የጠባቂዎቹን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሳናይ እግራችን ውሃ እንዳይነካ ደብተሩ ላይ በቀይ ጽፌያለሁ። ያንን ገደል የሰነጠቀ እጅ እኛንም መስበር ይችላል፤ ፍርሃቱም የአክብሮቱ ክፍል ነው።

ከዛየን በምሥራቅ በኩል የምንወጣው በ1930 በተመረቀ ዋሻ ነው፤ ተራራውን ወጋ አድርጎ 1.8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ቁመቱ የተገደበ ስለሆነ ትልልቅ መኪኖች እንደ ልባቸው አያልፉበትም። ካምፐር ቫን የምትከራዩ ሰዎች ሳትፈርሙ በፊት ቁመቷንና ስፋቷን አስለኩ።

ብራይስ ካንየን ከፍታው ከአዲስ አበባ ይጀምርና ያልፋል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ስንደርስ ቀኑ ሞቅ ያለ ይሆናል፣ ሌሊቱ ግን በረዶ ሊሆን ይችላል። አከራዮቹ ያስጠነቀቁን ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ከወረደ በቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ይረጋና ቱቦውን ያፈነዳዋል። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 ከመቶ ያህል ይሰፋልና። ስለዚህ ለዚያች ሌሊት ቱቦውን አፍስሰን፣ የመጠጡን በጀሪካን ቀድተን ከእግራችን ሥር ልናስተኛው ነው።

ቱቦ የሚሰብረው ያው ነገር ነው ብራይስን የሠራው። ቀን የበረዶው ቅላጭ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ሌሊት ይረጋል፣ ይሰፋል፣ ስንጥቁን በጥቂቱ ይገፋል። ጠዋት ይቀልጣል። ማታ እንደገና። ከዓመቱ ሌሊቶች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ናቸው። ጥንት በሐይቅ ሥር የተከመረው ደለል በዚህ አሠራር ተሰንጥቆ፣ ዝናብም እያጠበው፣ በሺህ የሚቆጠር ዓምድ ሆኖ ቆሟል፤ ብርቱካናማ፣ ሮዝ፣ ነጭ፣ ሁሉም ብረቱ ባቀለመው ልክ። ፎቶውን ለእናቴ ሳሳያት ስልኩን ራቅ አድርጋ ያዘችውና «ቅዳሴ የቆሙ ይመስላሉ» አለች። ጎሕ ሲቀድ ብርሃኑ ከፊታቸው ሲመጣ ጠርዙ ላይ ቆማ እንድታያቸው ወንበሯን፣ ብርድ ልብሷንና የሻይ ቴርሞሷን ማታውኑ በሩ አጠገብ አኖራለሁ።

ከብራይስ ወደ ካፒቶል ሪፍ የሚወስደው መንገድ ቁጥር 12 ይባላል። ርዝመቱ ለግማሽ ቀን የሚበቃ ነው፣ እኛ ቀኑን ሙሉ መድበንለታል። በመሀሉ ቦልደር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ፖስታ በበቅሎ ነበር የሚደርሳት። ይህቺን እናቴ በጣም ወደደቻት።

ካፒቶል ሪፍ ምድሪቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ጨርቅ የታጠፈችበት ቦታ ነው። በእጥፋቱ ዐለት ላይ ጉድጓዶች አሉ፤ የዝናብ ውሃ ይቋጥራሉ። አንዳንዱ የእጅ መታጠቢያ ሳህን ያህላል፣ አንዳንዱ ጣባ። ባለፈው ዓመት አንዱ ዘንድ ቁጢጥ አልኩ። ዝናብ በቅርብ ጥሎ ነበር። ጥርት ባለው ውሃ ውስጥ ከጥፍር የማይበልጡ፣ ብርሃን የሚያልፍባቸው ሽሪምፖች በጀርባቸው ተገልብጠው፣ እግሮቻቸውን እንደ ላባ እያርገበገቡ ይዋኛሉ። እንቁላላቸው ጉድጓዱ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል፤ በዚያ ሐሩርና ውርጭ አቧራ መስሎ ለዓመታት ይተኛል። አንድ ቀን ይዘንባል። እንቁላሉ ይነቃል፣ ውሃው ሳይደርቅ አድገው፣ ተራብተው፣ ዳግም እንቁላላቸውን ጭቃው ላይ ጥለው ያልፋሉ። የትንሣኤን ምሳሌ ሰው ሲጠይቀኝ ካሁን በኋላ የማስበው ያቺን አንዲት ጣባ ውሃ ነው። እጅ አይነከርባትም፤ ከእጃችን ቅባት ትንሽ ነገር እንኳ ሊጎዳቸው ይችላል። ከጉድጓዶቹ ወጣ ብሎ ያለውን የጠቆረ፣ የተኮማተረ አፈርም አንረግጥም፤ በዓይን በማይታዩ ሕያዋን የተሸመነ ቅርፊት ነውና አንድ እግር የሰበረውን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።

እዚያው፣ በፍሪሞንት ወንዝ ዳር፣ በ1880ዎቹ የሰፈሩ ሰዎች የተከሉት የፍራፍሬ እርሻ አለ። ወንዙን በቦይ መልሰው ነው ያለሙት፤ ቀይ ገደል ከላይ፣ ከሥሩ ኮክና ፖም። በእኛ ጊዜ ፖም ይደርሳል። እንግዳ ሰው ከተከፈተው እርሻ ገብቶ መልቀም ይችላል፤ ይዞ የሚወጣውን ራሱ ይመዝንና ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ ይከትታል። «ማን ይቆጣጠራል?» አለች እናቴ። ማንም። ራሷን ብዙ ጊዜ ነቀነቀች።

ስንቁ የእሷ ሥራ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፤ ሁሉም ድስት የማይፈልጉ። ድስት የሚያጥበውን ውሃ ከወዲሁ አድናልናለች።

ትናንት ማታ ደብተሩን ለመጨረሻ ጊዜ አነበብኩላት። ቀን አንድ፣ መነሻ። ቀን ሁለት፣ ጽዮን፣ አውቶቡስ፣ የወንዙ ዳር መንገድ። «የሚያንጠባጥበው ጋ ይቀዳል?» አለች። አይቀዳም አልኳት፤ ጠባቂዎቹ ሳይጣራ እንዳይጠጣ ይላሉ። ፊቷን ብታስነካውስ? ያ ይቻላል አልኳት።

«ስንት ሰዓት እንቆማለን እዚያ?»

ደብተሩን አየሁት። «ሃያ ደቂቃ ብያለሁ።»

«ሺህ ዓመት ተጉዞ ለመጣ፣ ሃያ ደቂቃ?»

ልጄ ላጲሷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ሃያውን አጠፋሁት፣ ቦታውንም ባዶ ተውኩት፤ እናቴም ስኒዎቹን ለማለቅለቅ ተነሣች፤ ቧንቧውን ከፈተችና፣ ጎድጓዳ ሳህን እስኪሞላ ጠብቃ፣ ዘጋችው።