በሩን የዘጋው ሰው ዕዳ

በጌጥ ዓሣ መሸጫ ሱቆች ከሚታዩት አምባዛዎች ሁሉ ቶሎ ልብ የሚያሸፍተው ቀይ ጭራው የአማዞን አምባዛ ነው። ለገበያ ሲቀርብ ከሰው ጣት ብዙም አይበልጥም። ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ፣ ጭራው ቀላ ብሎ፣ ረዣዥም ጢሞቹን ወደፊት ዘርግቶ የመስታወቱ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ሕፃን ልጅ ካየው ሳያስገዛ አይወጣም። ይኸው ዓሣ በአማዞንና በኦሪኖኮ ወንዞች ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ40 ኪሎ ያልፋል። በቤት ውስጥ በደንብ ከተቀለበ በሁለት ዓመት ጊዜ ግማሽ ሜትሩን ይሻገራል። አብረውት የተገዙትን ትንንሽ ዓሦች አንድ በአንድ ይውጣቸዋል፤ በመጨረሻም መዞሪያ ያጣል። ብዙ ሰው ሳሎኑ ውስጥ የሚያኖረው አኳሪየም ርዝመቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ለዓሣ ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። ድምፁ ለማይሰማ፣ ፊቱም ለማይነበብ ፍጡር ሰው ዕዳ አለበት ወይ? ካለበትስ ዕዳው ከየት መጣ?

አምባዛ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ጣና ሐይቅ ውስጥ ሞልቷል፤ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ግን አይቀምሱትም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ያለው ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጡር ከመብል ይለያል፤ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም። ከጣና የሚወጣው አምባዛ ደርቆ ወደ ሱዳን ሲላክ የኖረውም በከፊል በዚሁ የተነሳ ነው። ከዚህ ተነስቶ፣ ርኩስ የተባለ ፍጡር ምን ርኅራኄ ይገባዋል የሚል አይጠፋም። ሕጉ የሚናገረው ግን ወደ ሰው አፍ ስለሚገባው ነገር ነው፤ ፍጡሩን ማጎሳቆል ይፈቀዳል አላለም። እንዲያውም የዘፍጥረትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው፣ የመጽሐፉ የመጀመሪያ በረከት ለማን እንደተሰጠ ያያል። በአምስተኛው ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ የተባረኩት የውኃ ፍጥረታትና አዕዋፍ ናቸው፤ ሰው የተባረከው በማግስቱ ነው። በዚያ በረከት ላይ ቅርፊት ያለውና የሌለው አልተለየም።

ለሰው የተሰጠው ሥልጣንም እዚያው ምዕራፍ ላይ ተጽፏል፤ ሲዘረዘርም ቀድመው የተጠሩት የባሕር ዓሦች ናቸው። ሆኖም ሰው ለብዙ ሺህ ዘመናት ዓሣን ሲያጠምድ ኖረ እንጂ አልገዛውም። መረቡን ጥሎ ያወጣውን ያወጣል፤ የቀረው ዓሣ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያይ የሚወስን ሰው አልነበረም። አኳሪየም ይህን ለወጠው። ውኃውን፣ ሙቀቱን፣ ሌቱንና ቀኑን፣ ጎረቤቱንና ምግቡን ሁሉ የሚወስነው አንድ ሰው ሆነ። የታሰረች ላም እንኳ በገመዷ ልክ ሣር ትመርጣለች፤ ዶሮም ግቢውን ጭራ ታገኛለች። በመስታወት ውስጥ ያለ ዓሣ ግን ከባለቤቱ እጅ ውጭ ያለ አንድም ነገር አያገኝም።

የሚገርመው፣ ይህን ልማድ ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው ራሱ አማኝ ነበር። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የፕሊመዝ ወንድሞች የተባለው የክርስቲያን ማኅበር አባልና ሰባኪ ነበር። በ1854 ስለ አኳሪየም ያሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን መካከለኛ መደብ ወደ ባሕር ዳርቻ አስወጣው። ጎስ የፈለገው ሰው የፈጣሪን ሥራ በቅርብ አይቶ እንዲያደንቅ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ልጁ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ በሰብሳቢዎች ብዛት ዳርቻዎቹ ተራቆቱ፤ አባትየውም በዚህ እጅግ አዘነ። ፍጥረትን ማድነቅ ብቻውን ለፍጡሩ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ታዲያ ዋስትናው ምንድን ነው? ሦስቱም የአብርሃም ሃይማኖቶች የሚያመለክቱት ወደ አንድ ቦታ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ላይ የእንስሳውን ነፍስ ማወቅን ከጻድቅ ሰው ምልክቶች ይቆጥረዋል። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች ውስጥ ደግሞ ነቢዩ ሙሐመድ ስለ አንዲት ድመት የነገሩት ታሪክ አለ። ሴትዮዋ ለእሳት የተዳረገችው ድመቷን ስለዘጋችባት ነው፤ አላበላቻትም፣ ከምድር ተባይ ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ድመቷን ስለ መጥላቷ የተነገረ ነገር የለም። ጥፋቷ የዘጋችውን በር ኃላፊነት አለመሸከሟ ነው።

የአይሁድ ሊቃውንት ነገሩን የበለጠ አጥርተውታል። ሰው ለእንስሳቱ ሳይሰጥ ራሱ እንዳይቀምስ ታልሙድ ያዛል። በሰንበት ቀን ደግሞ ምግቡን ራሱ ፈልጎ ለሚያገኝ እንስሳ መስጠት ይከለከላል፤ ምግቡ በሰው ላይ ለተጣለ እንስሳ ግን ይፈቀዳል። በ16ኛው መቶ ዘመን ዮሴፍ ካሮ ያዘጋጀው ሹልሐን ዓሩኽ የተባለው የሕግ መጽሐፍ ንብን ከመጀመሪያዎቹ፣ ዝይንና ዶሮን ከሁለተኛዎቹ ይመድባል። በዚህ መለኪያ ለወንዝ ዓሣ ሰው ዕዳ የለበትም፤ የአኳሪየም ዓሣ ግን የሰንበት ዕረፍት እንኳ የማያግደው ባለመብት ይሆናል። ዕዳው የመጣው ከዓሣው ውበትም ሆነ ከሰውየው ፍቅር አይደለም። በሩ በመዘጋቱ ነው።

ይህ መነሻ ብዙ ክርክር ያሳጥራል። ዓሣ ሕመም ይሰማዋል ወይስ አይሰማውም በሚለው ላይ ሳይንቲስቶች ተከራክረዋል። በ2003 ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ትራውት በተባለው ዓሣ ራስ ላይ ጉዳትን የሚያውቁ ነርቮች ማግኘታቸውን፣ ከንፈሩ ላይ የንብ መርዝ ወይም አሲድ ሲወጋ ባሕርዩ እንደሚለወጥ አሳወቁ። ብራያን ኪ በ2016 የዓሣ አንጎል ለሕመም ስሜት የሚያበቃ አካል የለውም ብሎ ሞገተ። ማስረጃው ወደ ስኔደን ያጋድላል። ቢሆንም በሩን የዘጋ ሰው የዚህን ክርክር ፍጻሜ የመጠበቅ ፈቃድ የለውም። ዓሣው የሚያስፈልገው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃልና።

ኮሪዶራስ የምትባለውን ትንሽ የደቡብ አሜሪካ አምባዛ ለአፍታ ማየት ይበቃል። ርዝመቷ ለአብዛኞቹ ዝርያዎች ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። አፍንጫዋን እስከ ዓይኗ አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች፤ አሸዋውን ወደ አፏ አስገብታ በጉንጮቿ መክፈቻ በኩል ታስወጣዋለች። በአፏ ዙሪያ ያሉት ጢሞች በጣዕም መለያ ሕዋሳት የተሞሉ ናቸው፤ ምግቧን የምታገኘው በእነርሱ ነው። ሻካራና ቆሻሻ የተከማቸበት ጠጠር ላይ ከኖረች ጢሞቿ ይቆስላሉ፣ እያጠሩም ይሄዳሉ። ደግሞ በድንገት ወደ ላይ ተወርውራ አየር ጎርሳ ትመለሳለች፤ ከጎረሰችው አየር ኦክስጅን የምትወስደው በአንጀቷ ነው። ውኃው ኦክስጅን ሲያንሰው ምልልሱ ይበዛል። ባለቤቱ ግን ‹‹ዛሬማ ተጫወተች›› ብሎ ይደሰታል። የሰው ርኅራኄ በፊትና በድምፅ ስለሚመራ ዓሣ ፊት ሲደርስ መንገድ ይስታል፤ ስለዚህ ዕውቀት ርኅራኄን መምራት አለበት። ይህች ዓሣ ብቻዋን ስትሆን ጥግ ይዛ ትሸሸጋለች፤ ከዘሮቿ ጋር ቢያንስ ስድስት ሆነው ሲኖሩ ግን አንድ ላይ እየተጓዙ አሸዋውን ይፈትሻሉ። ስዊዘርላንድ በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ በማኅበር የሚኖሩ እንስሳት ብቻቸውን እንዳይያዙ የደነገገችው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

ውኃውም የራሱ ሕግ አለው። ከዓሣውና ከምግብ ትርፍራፊ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ዓሣን ይገድላል። በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ እምብዛም ወደማይጎዳ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ አኳሪየም ውስጥ እስኪደላደሉ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዝቶ የሚሄድ ሰው ሳያውቅ የሚሄደው መርዝ ይዞ ነው። ትዕግሥት እዚህ ላይ የፍጡር ሕይወት የሚተርፍበት ነገር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው፤ በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውኃ መለወጥና የቧንቧውን ክሎሪን ማርከስ።

ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ግን አምባዛን መጥረጊያ አድርጎ መግዛት ነው። ፕሌኮ የሚባለው፣ በአፉ መስታወት ላይ የሚጣበቀው አምባዛ፣ ‹‹ገንዳውን ያጸዳል›› ተብሎ ይሸጣል። አልጌ ይግጣል እውነት ነው፤ የሌሎችን ዓሦች ቆሻሻ ግን አይበላም፣ ራሱም ብዙ ቆሻሻ ያወጣል። ተራው ፕሌኮ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። አልጌው ሲያልቅ የሚያበላው የለም፤ ለሥራ የተገዛ እንጂ ለመኖር የተገዛ አይደለምና። አማኑኤል ካንት እንስሳን ለሰው መገልገያ ብቻ አድርጎ ያየ ፈላስፋ ቢሆንም፣ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው ለሰውም ልቡ እንደሚደነድን አስጠንቅቋል። ፕሌኮ መውደድ ያማረው ሰው ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚቆመውን አንሲስትረስ ይምረጥ። የሚግጠው እንጨት፣ የተቀቀለ ዝኩኒ ወይም ኪያር፣ መሸሸጊያ ዋሻም ይስጠው። ወንዱ በዋሻው ውስጥ እንቁላሉን በክንፉ እያራገበ ሲጠብቅ ማየት ራሱ ትልቅ ዋጋ ነው።

ገንዳው የጠበበው ፕሌኮ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ወንዝ ነው። ባለቤቱ ‹‹ነጻ ለቀቅሁት›› ብሎ ይጽናናል። በፍሎሪዳ እነዚህ ዓሦች ዳርቻ እየቦረቦሩ አፈር ይንዳሉ፤ በሜክሲኮው የኢንፊየርኒዮ ግድብ የአጥማጆችን መረብ ሞልተው ኑሯቸውን አናግተዋል። በቡድሂስት አገሮች እንስሳን ከሞት ገዝቶ መልቀቅ የጽድቅ ሥራ ነው፤ የታይላንድ የዓሣ ሀብት ባለሥልጣናት ግን ከአፍሪካ አምባዛ የተዳቀለውን ዝርያ ወደ ወንዝ እንዳይለቁ ምእመናንን ያሳስባሉ፤ የአገሬውን ዓሦች ይበላልና። ያ የአፍሪካ አምባዛ የጣናው ራሱ ነው። አንዴ የተዘጋ በር በሌላ ሰው ወንዝ ላይ አይከፈትም።

እንግዲያው ጭራሽ ባይዘጋስ? ይህን የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸውም ቀላል አይደለም። ግን የዜብራ ፕሌኮ ታሪክ ነገሩን ያወሳስበዋል። በ1991 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ይህ ባለጥቁርና ነጭ መስመር አምባዛ የሚኖረው በብራዚል የሺንጉ ወንዝ ታላቅ መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው። ከ2016 ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው የቤሎ ሞንቴ ግድብ የመታጠፊያውን አብዛኛውን ውኃ ወደ ሌላ መንገድ ይወስዳል። በ2022 ዝርያው በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ይበልጥ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ወንዙ ሲከዳው የሚራባው በትጉሃን አርቢዎች ገንዳ ውስጥ ነው። ይህ የአርቢዎቹን ድካም ያስከብራል፤ ከወንዙ በኮንትሮባንድ የወጣውን የሚገዛ ሰው ግን በእነርሱ ስም ሊከለል አይችልም።

ስለዚህ ፍርዱ የሚሰጠው ሱቁ ውስጥ፣ ገንዘቡ ሳይከፈል ነው። አምባዛ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ዓሣው ሲያድግ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚደርስ፣ ስንት ዓመት እንደሚኖር፣ ከወንዝ ተይዞ ወይስ በእርባታ ተወልዶ እንደመጣ ሻጩን ይጠይቅ። ኮሪዶራስ ከአሥር ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ ፕሌኮ ከዚያም ያልፋል። ሻጩ መልስ ከሌለው፣ ወይም ቤት ያለው ገንዳ ለመልሱ ካልበቃ፣ ገዢው ዓሣውን እዚያው ትቶ ባዶ እጁን ይመለስ።