የነጋዴ ምስጢርና የጠባቂው ኅሊና

ምስጢር በመዝጊያና በቁልፍ ብቻ የሚጠበቅ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ሣጥን ያለው ሰው ሁሉ ሳይሰጋ በኖረ ነበር። ዳሩ ግን መዝጊያውን የሚዘጋው ሰው፣ ቁልፉንም የሚይዘው ሰው ነው። ስለዚህ ስለ ምስጢር ጥበቃ ስንናገር ከሁሉ አስቀድመን ስለ ሰው ኅሊና መናገር ይገባናል።

ብዙዎቻችን ሰላይ የሚለውን ቃል ስንሰማ የምናስበው ጦርነትን ነው። ነገር ግን ንግድም ሰላይ አለው። የዕቃ መግዣ ዋጋ፣ የደንበኞች ስም ዝርዝር፣ የአንድ ፋብሪካ የአሠራር ዘዴ፣ ለጨረታ የቀረበ ሒሳብ፣ እነዚህ ሁሉ በድካም የተገኙ ሀብቶች ናቸው። ሲሰረቁም ከቦታቸው አይነሡም፤ ባለቤቱ መዘረፉን የሚያውቀው ገበያው ከራቀው በኋላ ነው። ቀድሞ አንድ መዝገብ ገልብጦ ለመውሰድ ረጅም ሰዓት ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ግን በእጅ ስልክ አንድ ፎቶግራፍ ማንሣት ይበቃል።

ቻይናዎች የሐርን ሥራ ለብዙ ዘመናት ሸሽገው ኖረዋል። ይሁን እንጂ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ዘመን፣ መነኮሳት የሐር ትል ዕንቁላል በምርኩዝ ውስጥ ደብቀው ወደ ቍስጥንጥንያ እንዳመጡ ይተረካል። ያን ያህል ዘመን የተጠበቀው ምስጢር በአንድ ምርኩዝ ወጣ።

ምስጢር ስለ ጠበቀ ሰው ምሳሌ ለመፈለግ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ እኛ በምንኖርበት በኮልፌ እናገኘዋለን። በ1954 ዓ.ም. ክረምት፣ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ይጓዙ የነበሩት ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። በዚያ ያገለግሉ የነበሩት ሻምበል ጉታ ዲንቃ በኋላ ዘመን እንደ ተናገሩት፣ እንግዳውን እንዲገድሉ ገንዘብ ቀርቦላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ገንዘቡን ንቀው ነገሩን ለአለቆቻቸው አስታወቁ።

ይህ ታሪክ የፖለቲካ እንጂ የንግድ አይደለም፤ ሆኖም የጥያቄያችንን ፍሬ ይዞልናል። አንዱ ሰው በአንድ ጊዜ አንዱን ምስጢር ጠበቀ፣ ሌላውንም ገለጠ። በአደራ የተሰጠውን ጠበቀ፤ ለክፋት የተሸረበውን ገለጠ። እንግዲህ ታማኝነት ማለት አፍን መዝጋት ብቻ ሳይሆን፣ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ማወቅ ጭምር ነው። ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ፣ ድርጊቱን «የንግድ ምስጢር» ብሎ ሠራተኛውን ዝም ሊያሰኝ አይችልም። የሕዝብን ጤና የሚጎዳ ነገር ምስጢር ተብሎ አይከበርም።

ሌላም ጥያቄ አለ። አንድ የብረት ሠራተኛ ከአሠሪው ቤት ሲወጣ ምን ይዞ ሊወጣ ይገባዋል? የእጁ ጥበብ የራሱ ነው፤ ማንም ሊነጥቀው አይችልም። የአሠሪው የደንበኞች መዝገብና የዋጋ ሒሳብ ግን የሌላ ሰው ንብረት ናቸው። ጥበብን ይዞ መውጣት መብት ነው፤ መዝገብን ይዞ መውጣት ስርቆት ነው።

ሕጋችንም ስለዚህ ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የሌላውን ነጋዴ መረጃ ያለ ፈቃዱ መያዝን፣ መጠቀምንና ማውጣትን ከተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ይቈጥረዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ደግሞ የታክስ ሠራተኞች የግብር ከፋዩን ምስጢር እንዲጠብቁ ያዛል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ የወጣውን ምስጢር ፍርድ ቤት ወደ ሣጥኑ አይመልሰውም።

ስለዚህ ባለቤቱ ምስጢሩን ለሥራው ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ያሳይ፤ ያመነውንም ሠራተኛ በደመወዝና በክብር ይያዘው። የተበደለ ጠባቂ ለሰላይ የተከፈተ በር ነውና። የመንግሥት ሠራተኞች የሆንን እኛ ደግሞ የታሸገ የጨረታ ፖስታ በጠረጴዛችን ላይ ሲያድር፣ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ አብሮት እንዳደረ እናስብ። በዚያች ሌሊት ጠባቂው ማኅተሙ ሳይሆን ኅሊናችን ነው።