የንባብ ፍቅር በትእዛዝ ይወረሳልን?



ወላጅ ለልጁ መሬቱን፣ ቤቱንና ከብቱን ያወርሳል፤ ካለፈም በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያካፍላሉ። የንባብ ፍቅር ግን እንዲህ ተቆጥሮ የሚተላለፍ ሀብት አይደለም። «አንብብ!» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ «ንባብን ውደድ!» ብሎ ማዘዝ ግን ከቶ አይቻልም። ታዲያ ሊታዘዝ የማይችለውን ነገር ወላጅ ለልጁ የማስተላለፍ ግዴታ አለበት ስንል ምን ማለታችን ነው?

እ.ኤ.አ. በ354 በሰሜን አፍሪቃ የተወለደው ቅዱስ አጎስጢኖስ ስለ ልጅነቱ ሲተርክ፣ የላቲንን ቋንቋ በሞግዚቶቹ ጨዋታና ፈገግታ መካከል ያለ ፍርሃት እንደ ተማረው፣ የግሪክን ቋንቋ ግን በቅጣትና በማስፈራሪያ ስለ ተጫነበት እንደ ጠላው ይነግረናል። በትምህርት ቤት ሲገረፍ ወላጆቹ ሳይቀሩ ይስቁበት እንደ ነበርም አልደበቀም። ከታላላቅ የመጻሕፍት ሰዎች አንዱ የሆነው እርሱ እንኳ የልጅነቱን ዱላ እስከ ጉልምስናው ድረስ አልረሳውም።

ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ንጹሕ አድርገን አይደለም። በአንድ ቁምስና ትምህርተ ክርስቶስ ስናስተምር፣ የሚረብሸንን ልጅ አስነሥተን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጮክ ብሎ እንዲያነብ እናደርግ ነበር። ከዱላ የተሻለ ቅጣት ያገኘን መስሎን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእነዚያ ልጆች አንዱን ጠርተን መጽሐፍ ልናውሰው ብንዘረጋለት፣ ደንግጦ «አባ፣ ምን አጠፋሁ?» አለን። የምንመልሰው ቃል አጣን።

ሌላም መንገድ አለ፤ ከቅጣት የለዘበ ይሁን እንጂ ፍሬው እምብዛም አይለይም። ወላጅ «ተማር፣ አንብብ፣ ሰው ሁን» ይላል። ድህነትን የቀመሰ ሰው እንዲህ ቢል አንፈርድበትም፤ እኛም ለዚህ የበቃነው እንዲሁ ሲባልልን ነው። ነገር ግን ልጁ መጽሐፍን ለፈተና ማለፊያ ብቻ ካወቀው፣ ፈተናው ባለፈ ማግስት ገጹ ለቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። መሰላል ለመውጫ እንጂ ለፍቅር አይሆንም።

«እኛ ራሳችን ፊደል አልቆጠርንም፤ የሌለንን ምን ብለን እናወርሳለን?» የሚሉ ወላጆችም ያጋጥሙናል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ አዋቂዎችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል፤ ሆኖም የሚያነቡት ነገር በእጃቸው ስላልነበረ የቆጠሩትን መልሰው የረሱ ጥቂቶች አይደሉም። እናታችን ከእነዚህ አንዷ ነበሩ።

ከአጎታችን ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እናታችን የያዙትን ሥራ ትተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ለፊታችን ይቀመጡ ነበር። ቡና እየተቆላ ከሆነ ምጣዱ ይወርዳል። እኛ ለጨዋታ ቸኩለን የእያንዳንዱን ቤተ ሰብ ስም የሚጠራውን ረጅም ሰላምታ ስንዘል፣ ፊደሉን ሳያዩ ያውቁብን ነበር። «ሰላምታውን ዘለልኸው፤ ከመጀመሪያው ጀምር» ይሉናል። እንጀምራለን። ሲያለቅሱ እናቆማለን፤ ሲስቁ እኛም እንስቃለን። ከጽሕፈት የወጣ ቃል ትልቅን ሰው እንዲህ ሊያስለቅስ መቻሉን በዚያ ዕድሜያችን ከሌላ ከማን ልንማረው እንችል ነበር?

ከሳምንት በኋላም ያንኑ ወረቀት ከሣጥናቸው አውጥተው፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው እያቀኑ፣ «እስቲ ና፣ ያችን ነገር ድገምልኝ» ይሉን ነበር።