በአየር የቆመ መኪና ይዘህ ሩቅ ከመሄድህ በፊት

ልጄ፣ ያገለገለ ዲስከቨሪ 3 ገዝተህ ወደ ባሌ፣ ቀጥሎም ብርዱ ሲገባ ወደ ኤርታሌ ልትወጣ እንዳሰብህ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል፤ ሀገሩን በራሱ መሪ እየዞረ የሚያይ ወጣት ሁልጊዜ ያስደስተኛል። መጀመሪያ የጠየቅኸው ግን "ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ላድርገው?" የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ከዚህ በፊት እንድትጠይቀው የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ አየሩ መንገድ ላይ ቢያልቅብኝ እንዴት እመለሳለሁ? የምመክርህ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ስለሚነሳ በትዕግሥት አንብበው።

የገዛኸው መኪና ሞላም ባሌስትራም የለውም። በአራቱም ማዕዘን ሾክ አብዞርበሩን የከበበ የጎማ ከረጢት አለ፤ ክብደቱን የሚሸከመው በከረጢቱ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። አየሩን አንድ ኮምፕሬሰር ይነፋል፣ ጋን ውስጥ ይጠራቀማል፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ ቫልቮላዎች በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ለየጎማው ያከፋፍሉታል። በየጎማው አጠገብ ያለ የከፍታ መለኪያ መኪናው የት እንደቆመ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ሬንጅ ሮቨር በ1970 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በረጅም ሞላ ነበር የቆመው፤ አየር የተሰጠው በ1992 ነው። በ2004 የወጣው ዲስከቨሪ 3 ደግሞ ይህንን ሥራ ብዙ አሻሻለው። ቁልፉን ስትጫን ከመሬት ያለው ክፍተት ከ185 ሚሊ ሜትር ወደ 240 ይደርሳል። ሆዱ ድንጋይ ላይ መቀመጡን ካወቀም በራሱ ጥቂት ይጨምራል። ከሁሉ የምወድለት ግን ሌላ ነው። በዝግታ አስቸጋሪ መሬት ላይ ስትሄድ የግራና የቀኝ ከረጢቶችን የሚያገናኝ ቫልቮላ ይከፈታል፤ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የተገፋው አየር ወደ ሌላው ሄዶ ጎማውን ወደ ጉድጓዱ ይጫነዋል። እንዲህ የታሰበበትን ነገር ሳታውቀው አትነካካው።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ። ገበያው ላይ ቀላሉ ዘዴ የከፍታ መለኪያውን ከጎማው ክንድ ጋር የምታያይዘውን ትንሿን ዘንግ በሌላ ርዝመት መቀየር ነው። መለኪያው ይሳሳታል፤ ኮምፒውተሩም መኪናው ዝቅ ያለ መስሎት አየር ይጨምራል። ቡሎን መፍታት የሚያውቅ ሁሉ ይሠራዋል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ወጣቱ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ችግሩ ኮምፒውተሩ የተታለለው በሁሉም ፍጥነት መሆኑ ነው። በራሱ አሠራር መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያልፍ ከአስቸጋሪ መንገድ ከፍታው ይወርዳል፤ ዘንጉን ከቀየርክ ግን አስፋልት ላይ በ100 ስትበር እንኳ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይቀራል። በኩርባ ላይ ያዘነብላል፣ የፊት መብራቱ የመጪውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፣ የጎማው አቋም ተዛብቶ ጎማ በአንድ ወገን ይበላል፣ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ መገጣጠሚያም ሁልጊዜ በጠማማ ማዕዘን እየዞረ ቶሎ ያልቃል።

ሌላም ያልተነገረህ ነገር አለ። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት የተወሰነ ነው። መኪናውን ከፍ ስታደርግ ርቀቱ አይጨምርም፤ ወደ ታች የሚሄድበት ድርሻ ብቻ ያንሳል። በእግሩ ጣት ጫፍ የቆመ ሰው ከዚያ በላይ ሊዘረጋ እንደማይችል ሁሉ፣ በጣም ከፍ ያለ መኪናም ጎማውን ወደ ጉድጓድ መላክ ያቅተዋል። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ አይጎትትም። ስለዚህ ከፍታ የግድ ከሆነብህ ዘንግ ከመቀየር ይልቅ በመመርመሪያ መሣሪያ የኮምፒውተሩን ልክ ማስተካከልን ምረጥ። 20 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ጨምረህ፣ ከጉዞ ስትመለስ ወደ ነበረበት መልሰው።

ከፍታ የሚጠቅምበት ቦታ የለም እያልኩህ አይደለም። ወደ ኤርታሌ በሚወስደው ቀልጦ የረጋ ድንጋይ ሜዳ ላይ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ይቆጠራል። የጭነት መኪናዎች በክረምት ቦርቡረውት በደረቀ ፒስታ ላይም መሐሉ ጉብ ስለሚል ሆድህን ይፈትገዋል። በዋልካ ጭቃ ግን ከፍታ አያድንህም፤ ጎማህ በጭቃ ተለስኖ ለስላሳ ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ብትጨምርም እዚያው ትዞራለህ። እዚያ የሚረዳህ ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ፣ የጎማውን ነፋስ መቀነስ፣ አካፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሬቱ እስኪጠጣ መጠበቅ ነው። ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ከፍታውን ትተህ ጎማ ግዛበት።

አሁን ዋናው። በዚህ መኪና ላይ ልታደርገው የሚገባ የመጀመሪያው ለውጥ የማይታይ ነው፤ ማንም አያደንቅህም፣ ፎቶም አይነሳም። ከየከረጢቱ በሚመጣው ቱቦ ላይ ሦስት አፍ ያለው መጋጠሚያ ታስገባለህ፤ ከሦስተኛው አፍ ሌላ ቱቦ ዘርግተህ ጫፉ ላይ የጎማ ዓይነት ቫልቮላ ትገጥማለህ። አራቱን ቫልቮላዎች ጭቃና ድንጋይ በማይደርስበት ቦታ ሰብስበህ በየስማቸው ጻፍባቸው፦ ፊት ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ኋላ ቀኝ። ኮምፕሬሰሩ ቢሞት ወይም ኮምፒውተሩ ግራ ቢጋባ አየሩን በራስህ እጅ ትሞላለህ ማለት ነው። ይህ ከሌለህ መኪናው መጨረሻ መቆሚያው ላይ ዝፍዝፍ ብሎ ይቀመጣል። ይሄዳል፣ ግን ምንም የሚያነጥር ነገር የለውም። በዚያ ሁኔታ ኮረኮንች ላይ ብትነዳ የሚሰበረው ከረጢቱ ብቻ አይሆንም።

ሥራው ቀላል ነው፣ ግን ንጽሕና ይፈልጋል። ቱቦውን በፒንሳ አትቁረጠው፤ ጫፉ ይጣመምና አየር ያሾልካል። ስለታም የቱቦ መቁረጫ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፣ ጠርዙን አጽዳ፣ መጋጠሚያው ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገባ። አንዳንዱ መካኒክ ቱቦ ለመቆጠብ ግራና ቀኙን በአንድ ቫልቮላ ያገናኛል፤ አትፍቀድለት። ሁልጊዜ የተገናኙ ከረጢቶች በኩርባ ላይ አየሩን ወደ ቀለለው ወገን ስለሚልኩት መኪናው ክፉኛ ያዘነብላል። ኮምፒውተሩ የሚያገናኛቸው በዝግታ ስትሄድ ብቻ ነው፤ ይህንንም ያደረገው አውቆ ነው።

አዲስ መጋጠሚያ ሁሉ አዲስ የማፍሰሻ ቀዳዳ ሊሆን እንደሚችልም ልደብቅህ አልፈልግም። ስለዚህ ፈትሸው። የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ቀባና አረፋው ሲነፋ እይ። ከዚያም ማታ የእያንዳንዱን ጎማ መሐል ከጭቃ መከላከያው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለካና ጻፍ፣ የሰስፔንሽኑን ፊውዝ ንቀል፣ ጠዋት ደግመህ ለካ። ፊውዙን ካልነቀልክ ቆሞም ቢሆን ኮምፒውተሩ ሌሊት እየነቃ መኪናውን ስለሚያስተካክል ማፍሰሱ አይታይህም። በብርዱ አየሩ ስለሚኮማተር አራቱም ጥቂት ቢወርዱ አትደንግጥ፤ አንዱ ብቻ ከወረደ ግን ያ ነው በሽታው።

መንገድ ላይ ችግሩ ሲደርስ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ፊውዙን ንቀል፤ ቫልቮላዎቹ ኤሌክትሪክ ሲያጡ ስለሚዘጉ ኮምፒውተሩ የሞላኸውን አየር መልሶ ሊለቅብህ አይችልም። ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ ከሻንሲው አንሳና ደጋፊ አኑርለት፤ ባዶው ከረጢት ክብደት ሳይኖርበት ቅርጹን ይዞ ይሞላ። ከዚያ ዝቅ አድርገህ የቀረውን ጨምር። ለጎማ የሚሆን ትንሽ መንፊያ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ እስከ 10 ባር የሚደርስ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ያዝ። ቁመቱን በመደበኛው ልክ አድርግ፣ አትጨምር፣ በዝግታም ንዳ።

እዚህ ላይ ስለ ደጋፊው በብርቱ አሳስብሃለሁ። በአየር ብቻ ቆሞ ያለ መኪና ሥር በፍጹም አትግባ። ቱቦ ሲላቀቅ፣ በር ሲዘጋ፣ ኮምፒውተሩ ሲነቃ ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ብረት በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ክሪክም ብቻውን አይታመንም። ድንጋይ ወይም ግንድም ቢሆን ከሻንሲው ሥር ሳይገባ እጅህን እንኳ አትስደድ። የአየር ቱቦ ልትፈታ ከሆነም አስቀድመህ አየሩን አውጣ፤ የታመቀ አየር ዓይን ያጠፋል።

የባሌ ጉዞህ ኮምፕሬሰሩን ይፈትነዋል። ጎባን አልፈህ ሳነቴ አምባ ላይ ስትወጣ ከ4,000 ሜትር በላይ ትሆናለህ፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ነው። አዲስ አበባ ላይ እንኳ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፍን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ 58 በመቶ ይወርዳል። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ያንኑ ከረጢት ለመሙላት ብዙ ይሠራል፣ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ራሱን ለመከላከል ያቆማል። ብዙ ሰው ይህን ብልሽት ይመስለዋል። ጠብቀው፣ ይቀዝቅዝ። ከፍና ዝቅ እያደረግህ አትጫወትበት፤ ከታች ሳለህ ከፍታህን መርጠህ በዚያው ውጣ። ከመሄድህ በፊት ሁለት ነገር አስቀይር። አንዱ የኮምፕሬሰሩ ሪሌ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሲያረጅ ግን ውስጡ ተጣብቆ ኮምፕሬሰሩ ሳያቋርጥ እየሠራ እንዲቃጠል ያደርጋል። ሌላው የአየሩን እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያ ነው። እሱ ካረጀ ውኃው ወደ ቫልቮላዎቹ ይገባል፤ የሳነቴ ሌሊት ደግሞ ውኃን በረዶ ያደርጋል።

አፋር ላይ ጠላትህ ጨው ነው። የአሳሌ ሐይቅ ጨው በመለኪያዎቹ ሽቦ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ይበላቸዋል፤ ከወራት በኋላ መኪናው ያለ ምክንያት ሲወርድ መንስኤው ያ ይሆናል። ከጉዞ እንደተመለስክ፣ ለነገ ሳትል፣ ሥሩን በንጹሕ ውኃ አሳጥበው። የከረጢቶቹ እጥፋት ውስጥ የገባ አሸዋም ጎማውን እንደ ሞረድ ይፈጨዋልና እሱንም ውኃ ያውጣው።

ጭነትህንም በሚዛን እወቅ። ባሌስትራ ያለው መኪና ሲከብደው ኋላው ይወርዳል፣ አንተም ታያለህ። ያንተው ግን አየር ጨምሮ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ብዛቱን ይደብቅብሃል። 20 ሊትር ናፍጣ 17 ኪሎ ያህል ነው፣ 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ፤ ጣራ ላይ ጄሪካን፣ ድንኳንና ትርፍ ጎማ ከደረደርክ ከረጢቱ ባይናገርም ከፍ ያለ ግፊት ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ከባዱን ከታች፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል አድርግ።

አየሩን ነቅሎ ሞላ ስለማስገባት ጠይቀኸኛል። ነውር የለውም። የካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮም በ1957 እ.ኤ.አ. በአየር ከረጢት ሲወጣ ብዙ ባለቤቶች አየሩ እየሾለከ ስላስቸገራቸው ወደ ሞላ ቀይረውታል። ከረጢት የማይገኝበት ቦታ፣ ለምሳሌ ጂንካ ወይም ኦሞራቴ፣ ዓመቱን ሙሉ የምትሠራ ብትሆን እኔም ሞላ አስገባ እልህ ነበር፤ እንዲያውም መኪናውን ሸጠህ በየከተማው መለዋወጫ ያለውን ላንድ ክሩዘር 70 ግዛ እልሃለሁ። አንተ ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነህ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ትወጣለህ። ሞላ ስታስገባ ከፍና ዝቅ ማለቱንም፣ ጭነት ማስተካከሉንም፣ ያንን ግራና ቀኝ የሚተጋገዝበትንም ታጣለህ። ላንተ አየሩ ይቆይ።

ከመውጣትህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። አንድ ቀን ግቢህ ውስጥ፣ ሰው አጠገብህ ሳለ፣ ፊውዙን ንቀልና የአንዱን ማዕዘን አየር በቫልቮላው ሙሉ በሙሉ አውጣው። ከዚያም በያዝከው ክሪክ፣ በያዝከው ደጋፊ፣ በያዝከው መንፊያ ብቻ ወደ ቦታው መልሰው። በምሽትም፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን ድገመው። ይህን ያለ ጭንቀት ከሠራኸው ወደ ባሌ ሂድ። ካልቻልክ ጉዞውን አንድ ሳምንት አዘግየውና ተለማመድ።